በራሱ ስለ ጠፋ ጥፋት

አባቶቻችን «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ብለዋል። ምሳሌው ለገበሬ የተነገረ ነው። ማረሻው ሥሩን ሳይነቅል አፈሩን ብቻ ገልብጦ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ማሳው ለጊዜው የታረሰ ይመስላል፤ መንገደኛም አይቶ «በርታ» ብሎ ያልፋል። ክረምቱ ሲገባ ግን ተሸፍኖ የቀረው ሁሉ ከዘሩ ጋራ አብሮ ይበቅላል። እኔም ይህንኑ ምሳሌ ከእርሻ አውጥቼ፥ ዛሬ ብዙ ወጣቶች ወደሚደክሙበት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሥራ ላመጣው አስቤአለሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ምክንያቱ ሳይታወቅ የጠፋ ብልሽት ተጠግኗል ሊባል ይቻላልን? ሠሪው ይህን እያወቀ ዝም ቢልስ ሐሰት እንደ ተናገረ ይቈጠራልን?

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን የዕቃውን ጠባይ እንመልከት። በልብስ ማጠቢያው፥ በመኪናው፥ በአሳንሰሩ፥ በሐኪም ቤት መሣሪያው ውስጥ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ጥፍር የሚያህል ኮምፒውተር ተቀምጧል። ይህ ትንሽ አገልጋይ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ የታሰበውን አያውቅም። ከዚህም የተነሣ ለጀማሪ እንቆቅልሽ የሚመስል ብዙ ነገር ይደርሳል።

ለምሳሌ አንድ ጀማሪ ቁልፉን በተጫኑት ቁጥር አንድ እያለ የሚቈጥር መሣሪያ ይሠራል። አንድ ጊዜ ሲጫነው መሣሪያው አራት ይላል፤ ሌላ ጊዜ ሰባት ይላል። ልጁም «ዕቃው አብዷል» ይላል። ዕቃው ግን አላበደም። በቁልፉ ውስጥ ያሉት ሁለት የብረት ቅጠሎች በሚጋጠሙበት ጊዜ፥ በወለል ላይ እንደ ወደቀ ኳስ እየነጠሩ፥ ለጥቂት የሴኮንድ ሺህኛ ያህል ይገናኛሉ ይለያያሉ። ዓይናችንና ጣታችን ይህን አያውቁም፤ በአንድ ሴኮንድ ሚሊዮን ትእዛዝ መፈጸም የሚችለው ቺፕ ግን እያንዳንዱን ይቈጥረዋል። እውነቱን የተናገረው መሣሪያው ነው፤ የተሳሳተው «አንድ ጊዜ ብቻ ነካሁት» ያለው ሰው ነው።

እንደዚሁም ብዙ መሣሪያዎች ከበሩበት ደቂቃ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ በሴኮንድ ሺህኛ እየቈጠሩ ይይዛሉ። ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት የሆነ እንደ ሆነ፥ 4,294,967,295 ሲደርስ ቦታው ይሞላና ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህም የሚሆነው መሣሪያው ሳይጠፋ 49 ቀን ከ17 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይህን ሳያስብ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ 49 ቀን በሰላም የኖረው ዕቃ በ50ኛው ቀን ይደናገራል። ባለቤቱም አጥፍቶ ያበራዋል፤ ዕቃው ይድናል፤ ነገሩም ይረሳል። ሁለት ቀን ፈትኖ «ደኅና ነው» ያለው ሠሪ ያላየውን አላየሁም ብሎ አልዋሸም፤ ዳሩ ግን ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል።

«አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር የዚህ ዘመን ጠበል ሆኗል። ብዙ ጊዜም ያድናል። ነገር ግን ይህ መድኃኒት በሽታውን ስሙን ሳይጠራ የሚያድን ስለ ሆነ፥ ያው በሽታ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን ነገር የለም።

አሁን በራሴ የደረሰውን ልናገር። የእኅቴ ልጅ ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ወጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፥ ሰው መሬት ላይ ባኖረው ሮቶ ውሃ ያጠራቅምና በፓምፕ ወደ ላይኛው ሮቶ ይስባል። ፓምፕ ደግሞ ውሃ በሌለበት ሲሽከረከር ያደረ እንደ ሆነ ይቃጠላል። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ለዚህ መላ እንዲፈልግላቸው ልጁን ለመኑት። እርሱም የታችኛው ሮቶ ውሃ ሲኖረው ፓምፑን የሚያስነሣ፥ ውሃው ሲያልቅ የሚያቆም መሣሪያ ሠራላቸው። በሮቶው ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ውሃ ሲያነሣው አምስት ቮልት በሽቦ ይመጣል፤ ቺፑም «ውሃ አለ» ይላል። ተንሳፋፊው ሲወርድ ሽቦው ይቋረጣል፤ በዚያን ጊዜ አንዲት ሬዚስተር የቺፑን እግር ወደ ዜሮ ትስበዋለች፤ ቺፑም «ውሃ የለም» ይላል።

ልጁ ሥራውን ጨርሶ በጠረጴዛ ላይ ሲፈትነው፥ ተንሳፋፊው ወርዶ ሳለ የፓምፑ መብራት በራሱ በራ። ደንግጦ የመልቲሜትሩን ጫፍ በቺፑ እግር ላይ ቢያሳርፍ መብራቱ ጠፋ። መልቲሜትሩን ቢያነሣም ብልሽቱ አልተመለሰም። ሃያ ጊዜ ፈተነው፤ ሃያውንም ጊዜ ደኅና ሆነ። ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቷል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም። ለነገ ብያቸው ነበር፤ ምን ይሻለኛል?» አለኝ። እኔም፥ «ሃያ ጊዜ ደኅና ከሆነ ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ሰውም አንዳንድ ቀን ይደናቀፋል። ቃልህን ጠብቅና አስረክብ» አልሁት። «ለእማማ ልንገራቸው?» ቢለኝ፥ «በማይገባቸው ነገር ለምን ታስጨንቃቸዋለህ?» ብዬ መለስሁለት። ይህን ምክር የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድሜ የምወቅሰው ራሴን ነው።

መሣሪያው ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ በኋላ ውሃ በጠፋበት በአንድ ብርዳማ ሌሊት ፓምፑ በባዶው ሲሽከረከር አድሮ ተቃጠለ። እኒያ እናት ጧት ተነሥተው መሣሪያውን ቢያዩት በአግባቡ ቆሟል። ዕቃው ደኅና መሆኑን ከእኛ አፍ ሰምተዋልና ዕቃውን አልጠረጠሩም፤ የጠረጠሩት በቤታቸው የምትሠራውን ልጅ ነው። «ነካክተሽ ነው» አሏት። «አልነካሁም» ብትል አላመኗትም። ደመወዟን ቈጥረው ሰጥተው አሰናበቷት። እኛ ይህን የሰማነው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ልጁ መሣሪያውን ፈትቶ ሲመረምር ነገሩን አገኘው። የዚያች ሬዚስተር አንዱ እግር በብየዳው ውስጥ የተያዘ ይመስላል እንጂ አልተያዘም። ቀን ሲሞቅ ይነካል፤ ሌሊት ሲበርድ ይለቃል። በለቀቀ ጊዜ የቺፑ እግር ወደ አምስትም ወደ ዜሮም የሚስበው አጥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በአጠገቡ ባለፈው ሽቦ ሁሉ እየተነካ አንድ ጊዜ «አለ»፥ አንድ ጊዜ «የለም» ይላል። መልቲሜትሩ በተነካ ጊዜ የዳነውም በተአምር አይደለም። መልቲሜትር ሲለካ በራሱ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ያም ጥቂት ነገር የሬዚስተሯን ሥራ ሠራላት። ጫፉም ሲጫን የለቀቀውን እግር መልሶ አስነካው። መመርመሪያው በሽታውን ሊያይ ሄዶ ለጊዜው መድኃኒት ሆነው። እኛም መዳኑን አይተን በሽታው እንዳልነበረ ቈጠርን።

ሄደን እውነቱን ለእኒያ እናት ነገርናቸው፤ ፓምፑንም ገዝተን ተካን። ስለ ልጅቱ ኋላ እናገራለሁ።

ምናልባት አንባቢ፥ «ይህ የአንድ ፓምፕ ነገር ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ትልልቅ ሰዎች በትልልቅ መሣሪያ ላይ ሲሠሩም የሚደርሰው ይኸው ነው።

ቴራክ 25 የሚባል፥ በካናዳ የተሠራ፥ የካንሰር ሕሙማንን በጨረር የሚያክም መሣሪያ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ጨረር ተለቀቀባቸው፤ ከነርሱም የሞቱ አሉ። በ1985 በጆርጂያ አንዲት ሴት ተቃጠልሁ ብትል፥ ይህ ሊሆን አይችልም ተባለች። በ1986 በማርች ወር በቴክሳስ፥ በታይለር ከተማ፥ አንድ ሰው ሲጎዳ መሣሪያው ለሠራተኛይቱ ያሳየው «ብልሽት 54» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ምን ማለት እንደ ሆነ የሚገልጽላት አልነበረም። መሣሪያው በትንሹም በትልቁም እየቆመ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማሳየት ልማዱ ስለ ነበረ፥ እንደ ወትሮዋ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ከአደጋው በኋላ ባለሙያዎች መጥተው መረመሩ፤ ብልሽቱ ግን ተመልሶ አልታይ አላቸው። ስለዚህ መሣሪያው ወደ ሥራው ተመለሰ። በኤፕሪል 11 ቀን በዚያው ሐኪም ቤት ሁለተኛ ሰው ተጎዳ።

በዚህ ጊዜ የሐኪም ቤቱ የፊዚክስ ባለሙያና ሠራተኛይቱ አብረው ተቀምጠው፥ ብልሽቱ እስኪመለስ ድረስ ያንኑ ሥራ ደጋገሙት፤ በመጨረሻም አገኙት። ሠራተኛይቱ በስሕተት የጻፈችውን ፊደል በስምንት ሴኮንድ ውስጥ ፈጥና ያረመች እንደ ሆነ፥ መሣሪያው እርማቱን በሙሉ ሳይቀበል ይቀራል። እንግዲህ ብልሽቱ የሚገለጠው በሥራዋ ለቀለጠፈች ሰው ነው፤ እየተጠነቀቀ ቀስ ብሎ ለሚፈትን መርማሪ አይገለጥም። «ፈትነን አላገኘንም» ያሉት ሰዎች እውነታቸውን ነበረ። ነገር ግን «አላገኘንም» ማለትና «የለም» ማለት አንድ አይደለም፤ በሁለቱ ቃላት መካከል አንድ ሰው ተጎዳ።

ሁለተኛው ምሳሌ ስሕተቱ ታውቆ ሳለ በሙሉ ስላለመናገር ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፥ በሳውዲ ዓረቢያ በዳህራን፥ የአሜሪካ ወታደሮች በሰፈሩበት ቤት ላይ ስከድ ሚሳይል ወድቆ 28 ወታደሮች ሞቱ። ይህን ሊያከሽፍ የተቀመጠው ፓትሪዮት የሚባለው መሣሪያ ሳይተኩስ ቀረ። ምክንያቱ ሰዓቱ ነበረ። መሣሪያው ጊዜን የሚቈጥረው በሴኮንድ አሥረኛ ነው። አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፥ አንድ አሥረኛም በኮምፒውተር አጻጻፍ፥ ማለት በዜሮና በአንድ ብቻ ሲጻፍ፥ መጨረሻ የለውም። በ24 ቢት ቦታ ላይ ሲጻፍ ጫፉ ይቈረጣል። የሚቈረጠው የሴኮንድ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን መሣሪያው ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ስለ ሠራ፥ ስሕተቱ ተጠራቅሞ 0.34 ሴኮንድ ደረሰ። ስከድ በአንድ ሴኮንድ ከ1,600 ሜትር በላይ ይበራልና፥ መሣሪያው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ ሌላ ቦታ ፈለገው፤ ባጣውም ጊዜ እንደሌለ ቈጥሮ ተወው።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን አስቀድሞ እስራኤላውያን፥ መሣሪያው ስምንት ሰዓት ከሠራ በኋላ አነጣጠሩ ማዘንበል መጀመሩን አይተው አስታውቀው ነበር። በፌብሩዋሪ 21 ቀንም መሣሪያውን ለያዙት ክፍሎች እጅግ ረጅም ጊዜ ማሠራት እንደሚጎዳ የሚገልጽ መልእክት ተላከ። «እጅግ ረጅም» ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ግን አልተጻፈበትም። መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ሰዓቱን ባስተካከለው ነበር፤ ይህም ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በፌብሩዋሪ 26 ቀን፥ ከአደጋው በማግሥቱ ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ማንም አልዋሸም። የጎደለው አንዲት ቁጥር ናት።

ሦስተኛው ምሳሌ የደግ ሥራ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ፓዝፋይንደር የሚባለው የአሜሪካ መንኮራኩር በማርስ ላይ አረፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ ይበራ ጀመር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ ቤት ውስጥ ታናሹ አሽከር የጎተራውን ቁልፍ እንደ ያዘ፥ ሌሎች በመካከል ያሉት ሰዎች በረጅም ሥራ ቢያግዱት፥ ጌታው ራሱ ቁልፉን እየጠበቀ ይቆማል። በመንኮራኩሩም ውስጥ ዋናው ሥራ በዚህ ዓይነት ሲታገድ፥ ሥራው በጊዜው አለመፈጸሙን የሚጠብቀው ክፍል «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሣው ነበር። ይህ ብልሽት መንኮራኩሩ ከመሄዱ በፊት በምድር ላይ በፈተና ጊዜ ታይቷል፤ መሐንዲሶቹ ሊደግሙት ቢሞክሩ ግን እምቢ ብሏቸዋል። እነርሱ ግን ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ በተራ እየመዘገበ የሚያሳየውን መከታተያ ከፕሮግራሙ ውስጥ አላወጡትም ነበር። ስለዚህ በምድር ላይ በነበረው መንትያው ብልሽቱን እስኪያገኙት ድረስ ፈተኑት፤ እርማቱንም በሬዲዮ ወደ ማርስ ላኩት፤ መንኮራኩሩም ዳነ። ያላወቁትን እንዳላወቁ ቈጥረው፥ ለኋላ የሚያበራ ኩራዝ ትተው ሄደው ነበር።

በዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። «የሰው ሥራ ፍጹም አይሆንም። ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ እስኪታወቅ ድረስ እንቆይ ካልን፥ ሐኪም መሣሪያ አያገኝ፥ ባልቴት ውሃ አትጠጣ፤ ሥራ ፈትተን እንቀመጣለን» ይላል። ይህ ሰው እውነት አለው፤ እኔም ለእኅቴ ልጅ የነገርሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ የሚነካው ማስረከብን ነው እንጂ ዝምታን አይደለም። ዕቃውን ማስረከብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የሚታወቀውን ቀንሶ መናገር ግን ለማንም አያስፈልግም። «አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ተነሥቷል፤ ስለዚህ ውሃ በሌለበት ሌሊት ፓምፑን ከሶኬቱ ይንቀሉት» የሚለውን ቃል እኒያ እናት ሳይገባቸው የሚቀር አልነበረም። የማይገባቸው ያደረግኋቸው ለራሴ እፍረት መሸፈኛ እንዲሆነኝ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የጠፋ ብልሽት አልተጠገነም፤ ተደብቋል። ሠሪው የተደበቀውን ሁሉ የመግለጥ ግዴታ የለበትም፤ ከሰው ኃይል በላይ ነውና። ነገር ግን «ተጠግኗል» በሚለውና «አሁን አይታይም» በሚለው ቃል መካከል ያለውን ልዩነት ለተጠቃሚው የመንገር ግዴታ አለበት። ይህን ልዩነት የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱ ዝም ካለ ሌላ የሚናገረው የለም።

ከዚህ ግዴታ ሁለት ሥራ ይከተላል። አንደኛው፥ የታየውን በታየበት ሰዓት መጻፍ ነው፦ ምን ተገናኝቶ እንደ ነበረ፥ ሙቀት ይሁን ብርድ፥ ማን ምን እንደ ነካ። ዛሬ ከንቱ የሚመስል መስመር ነገ የሌላውን ሰው ድካም ያሳጥራል። ሁለተኛው፥ በአንድ አሳብ ብቻ አለመታመን ነው። ከቴራክ 25 በፊት የነበረው ቴራክ 20 በፕሮግራሙ ውስጥ ያው ስሕተት ነበረበት፤ ነገር ግን ከፕሮግራሙ የተለየ የራሱ መከላከያ ስለ ነበረው ሰው አልጎዳም። በአዲሱ ላይ ግን «ፕሮግራሙ ይበቃል» ተብሎ ይህ ተወገደ። ራሱን የሚጠረጥር ሠሪ፥ ራሱ ቢሳሳት የሚያግደውን በር አስቀድሞ ያበጃል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለዕቃ ብቻ አይደለም። በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ማታ ተጣልተው፥ ምክንያቱን ሳይነጋገሩ ጧት አብረው ቡና ይጠጣሉ፤ «አለፈ» ይላሉ። አላለፈም፤ ሙቀቱ ለጊዜው አስነክቶታል እንጂ፥ የሚበርድበትን ሌሊት ይጠብቃል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም አንቺም፥ ስለ ልጅቱ እናገራለሁ ብዬ ነበር። እኒያ እናት እውነቱን በሰሙ ጊዜ ለፓምፑ አላዘኑም፤ ራሳቸውን ይዘው፥ «ልጅቷን በከንቱ አስከፋኋት» አሉ። ብንፈልጋት ወደ አገሯ ሄዳለች። ከዚያው አገር ለሚመላለስ ሰው፥ እንዳልበደለች፥ እኛም ይቅርታ እንደምንጠይቃት፥ እኒያ እናትም እንደሚጠብቋት ነግረን ላክን። መልእክቱ ይድረሳት አይድረሳት መልስ አልመጣልንም። ፓምፕ ይገዛል፤ በሰው ላይ የወደቀ ሐሜት ግን በዋጋ አይነሣም።

የእኅቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲያስረክብ አንዲት ወረቀት አብሮ ይሰጣል። ወረቀቷ ሁለት መስመር ናት፤ በአንደኛው የፈተነውን፥ በሁለተኛው ያላወቀውን ይጽፍባታል። አንዳንድ ሰው ሁለተኛውን መስመር አንብቦ ዕቃውን ሳይወስድ ተመልሷል። ልጁም ገንዘቡ ሲቀርበት ቅር ይለዋል፤ ወረቀቷን መስጠት ግን አልተወም።